ጡረታ ወጣሁ እንጂ አልገባሁም

ልጄ ከአዲስ አበባ በደወለልኝ ቁጥር ንግግሩን የሚዘጋው በአንድ ቃል ነው። በመጀመሪያ ጤናዬን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ መድኃኒቴን መዋጥ አለመዋጤን፣ ከዚያም የድሬዳዋን ሙቀት ይጠይቃል። በመጨረሻ «በቃ እማዬ፣ አንቺ አሁን ቁጭ በይ» ይለኛል። ይህን የሚለው በፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ዘንድሮ ግን ቃሉ ከምክርነት አልፎ ውሳኔ ሆነ። ቤቴን አከራይቼ እርሱ ዘንድ እንድገባ፣ ለእኔም አንድ ክፍል እንዳዘጋጀልኝ ነገረኝ። የቀረው «መቼ መጥቼ ልውሰድሽ?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእርሱ መልስ እንዲሆን ነው። ነገር ግን እንደ እርሱ ያሉ ልጆችና እንደ እኔ ያሉ እናቶች በአገራችን ብዙ ስለ ሆኑ፣ መልሱን በአደባባይ ብሰጥ አይከፋም ብዬ አሰብሁ።

37 ዓመት አማርኛ ያስተማረች ሴት ክርክሯን ከቃል ብትጀምር አይፈረድባትም። «ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ የተወለደ ነው። መጦር ማለት ያረጀን ወላጅ መደገፍ፣ ማብላት፣ ማልበስ ነው። እስከዚህ ድረስ ልጄ እውነት አለው። ይሁንና ቋንቋችን ከዚህ ቃል ጎን የትኛውን ግስ እንዳቆመ ልብ በሉልኝ። ሰው ሥራ ይገባል፤ ትምህርት ቤት ይገባል፤ እስር ቤት ይገባል። ጡረታ ግን ይወጣል። «እገሌ ጡረታ ገባ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የሰዋስው ሰው «ከሥራ ወጣ ለማለት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም» ብሎ ሊያርመኝ ይችላል። ይሁን፣ ተቀብያለሁ። ከሥራ የወጣ ሰው ወደ ጓዳ ይግባ ብሎ የፈረደ ግን ማን ነው?

በ2007 ዓ.ም. በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ኑሮዬን ላጫውታችሁ፤ ክርክሬ ያለው እዚያው ውስጥ ነውና።

ድሬዳዋን ለሚያውቅ ሰው ቀኗ ለሁለት የተከፈለ መሆኑን መንገር አያሻም። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ከተማዪቱ የሰው ናት፤ ከዚያ እስከ አመሻሽ ድረስ የፀሐይ ናት። ስለዚህ እኔ የምኖረው ማለዳ ነው። ከአዛኑና ከቅዳሴው ድምፅ ጋር እነሣለሁ። የግቢዬን ቅጠል ጠርጌ፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ከዛፎቹ ጥላ ሥር የከዚራን ቀጥ ያሉ መንገዶች እይዛለሁ። የጎረቤት ሕፃናት በየደጃቸው ይቀበሉኛል። ኦሮሞዋ ልጅ «አኮ» ትለኛለች፤ ሶማሌዋ «አዬዮ» ትለኛለች፤ የቀሩት «ቲቸር» ይሉኛል። ሁለቱ አያት ማለት ናቸው፤ ሦስተኛውም በዚህ ዕድሜዬ አያት ማለት ሆኗል።

እንግዲህ ትንንሽ ጀብዱዎቼ የሚጀምሩት ከዚህ ነው። ጀብዱ ስል አትሳቁብኝ። ጎራዴና ፈረስ ያለበት ብቻ ጀብዱ ነው ያለን ማን ነው? መቼም ጉልበቱ የታመመ ሰው አስፋልት መሻገሩን ጀብዱ ካልተባለለት ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

አንዱን ልንገራችሁ። በማልፍበት መንገድ ላይ አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ ሱቅ ከፍቶ በትልቁ «ሱሪ እናሰጥራለን» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። «እናሳጥራለን» ለማለት መሆኑ ነው። ሦስት ቀን አይቼ እንዳላየሁ አለፍሁ። በአራተኛው ቀን ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝና ገባሁ። «ልጄ፣ ከሰሌዳህ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል» አልሁት። ልጁ መቀሱን አስቀምጦ በአክብሮት አዳመጠኝና «አቦ ቲቸር! ሰው የሚመጣው ሱሪውን ይዞ ነው እንጂ ፊደሉን ሊያነብ አይደለም» አለኝ። መልስ አጥቼ ወጣሁ። በመንገዴ ሁሉ ከእርሱ ጋር በልቤ ስከራከር ዋልሁ። ከወር በኋላ በዚያው ሳልፍ ሰሌዳው ታርሟል። አልገባሁም፤ አላመሰገንሁም፤ እርሱም በመስኮት አይቶኝ ራሱን ዝቅ አደረገ። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ በማስተማር ዘመኔ ስንት ጊዜ እንዳገኘሁት ብቆጥር ከእጄ ጣቶች አይበልጥም።

ሌላውን ልጨምር። በልጅነቴ አፍረን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን በዚህችው ከተማ ሲመሠረት፣ በኦሮምኛ የሚዘፍኑ ወጣቶች መጡ እየተባለ በየሰፈሩ ሲወራ አስታውሳለሁ። ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ዓሊ ቢራ ነበር። በ2015 ዓ.ም. አርፎ በተወለደባት ድሬዳዋ ሲቀበር፣ ልጆቼ ሁሉ ከያሉበት ደውለው «ሕዝብ ይበዛል፤ ቤት ሆነሽ በቴሌቪዥን ተመልከቺው» አሉኝ። እኔ ግን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁና መንገድ ዳር ቆምሁ። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ጥላውን ከላዬ ዘርግቶ፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ሕዝቡ እስኪያልፍ አብሮኝ ቆመ። በቴሌቪዥን ብመለከት ኖሮ ቀብሩን አየው ነበር፤ ያንን ሰው ግን አላየውም ነበር።

ስለ ባቡሩም ልናገር፤ ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ ባቡር አለመናገር አይቻልምና። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። አሮጌው የሐዲድ መስመር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ እየተቆራረጠ ሲሄድ፣ እርሱም አብሮ እየደከመ ሄደ። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በሕይወት አልነበረም። ጣቢያውም እንደ ድሮው ከዚራ መካከል ሳይሆን ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። አንድ ማለዳ ባጃጅ ያዝሁና ሄድሁ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ «እማማ፣ ማንን ሊቀበሉ መጡ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ባቡሩን» አልሁት። እንደ መሣቅም እንደ ማሰብም አለ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብቶ የፕላስቲክ ወንበር አመጣና «እንግዲያውስ ቁጭ ይበሉ» አለኝ! ያንን ሁሉ መንገድ የሄድሁት ከዚያ ቃል ለማምለጥ ነበር። ቢሆንም ተቀመጥሁ። ባቡሩ መጣ፤ እንደ ድሮው አላጓራም፤ ጭስም የለው። «አየህ፣ ደረሰ» አልሁ በልቤ። ለማን እንዳልሁት ታውቃላችሁ።

በመመለሻዬ የዚህችን ከተማ አወላለድ አሰብሁ። ከጅቡቲ የተነሣው የሐዲድ ሥራ ታስቦ የነበረው ወደ ሐረር ለመውጣት ነበር። ነገር ግን ተራራው አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ካለው ሜዳ ደረሰ፤ በዚያም ከተማ ተቆረቆረ። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ በኋላ ግን ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። ባቡሩ አዲስ አበባ ለመድረስ ገና ከ10 ዓመት በላይ ቀርቶት ነበር። እንግዲህ ከተማችን የተወለደችው ዳገት መውጣት ካቃተው መንገድ ነው ማለት ነው። ዳገቱ ሲያቅተው ግን ሐዲዱ ቁጭ አላለም፤ በሜዳው ዞሮ መንገዱን ቀጠለ። ያን ማታ በደብተሬ ላይ እነዚህን ሁለት ስንኞች ጻፍሁ፤

ጉልበት ዳገት ቢፈራ፣ ሜዳ መች ጠፋበት፣
ባቡርም ደክሞት ነው ከተማ የሠራበት።

ግጥሙ ከዚህ አልፎ አልሄደልኝም። ለጉልበቴ ግን በቂ ነው።

እስካሁን ያጫወትኋችሁ የሚያስቀውን ነው። አሁን የማያስቀውን ልናገር፤ ልጄም አንድ ቀን ይህን ሲያነብ ሊያውቀው ይገባል።

ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሌለው አሸዋ ነው። እንግዳ ሰው «ወንዙ የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ተኝቶ የነበረውን ሰው ከነቤቱ ወሰደው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያለ መጠለያ ቀረ። እኛ ሌሊቱን የሰማነው ድምፅ እስከ ዛሬ ድረስ የምን ድምፅ ይመስል እንደ ነበር ለመናገር ቃል አላገኘሁም። የቃል መምህርት ሆኜም አላገኘሁም።

መስከረም 1999 ዓ.ም. ትምህርት ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን መዝገብ ይዤ ስም ስጠራ ከአንዲት ልጅ ስም ደረስሁ። ዝም አለ ክፍሉ። ደግሜ ጠራሁ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ደቻቱ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም። ቀጣዩን ስም ጠራሁ። ሥራዬ ነበርና ቀጠልሁ። ያቺ ልጅ ድርሰት ስትጽፍ ገጹን እስከ ጠርዙ የምትሞላ፣ ኅዳግ ተዪ ብላት የማትሰማኝ ልጅ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ወደ መጋላ የተሻገርሁት በድልድይ ብቻ ነው። ያውም ወደ ታች ሳልመለከት። ሰዉ ግን ወዲያው ተመለሰ። በጎርፍ መከላከያው ግንብ ሥር አሸዋውን እየረገጠ ሲያልፍ፣ ልጆች በበጋ ኳስ ሲጫወቱበት አይ ነበር። ደፋር ሆኑ ብዬ ተቆጥቼባቸው ነበር። አሁን ሳስበው ደፋር አልነበሩም፤ ከተማቸውን ለሐዘን አሳልፈው አልሰጡም እንጂ።

ጡረታ በወጣሁ በማግስቱ ዓመት፣ በጥር ወር፣ ሰማዩ አንድም ደመና በሌለበት ማለዳ ወረድሁ። ዘንቢሌን እንደያዝሁ፣ ቀስ ብዬ፣ አሸዋው ጫማዬ ውስጥ እየገባ ተሻገርሁ። መካከል ላይ ስደርስ ቆምሁና ያንን በ1999 ዓ.ም. መልስ ያላገኘሁበትን ስም ጠራሁ። ጮኬ አልጠራሁም፤ ክፍል ውስጥ እንደምጠራው አድርጌ ነው የጠራሁት። ከዚያ ወዲያ ማዶ ወጥቼ ቀፊራ ገበያ ገባሁ፤ ሎሚ ተከራክሬ ገዛሁ፤ ሻጯ ሁለት ጨመረችልኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ደቻቱን መፍራቴ ቀረ። በክረምት አልደፍረውም፤ በበጋ ግን መንገዴ ነው።

ይህን ጉዞ ማንም አላዘዘኝም፤ ማንምም አያውቅም ነበር። በሥራ ላይ ሳለሁ ጊዜ አልነበረኝም፤ ወይም ጊዜ የለኝም እያልሁ ሸሽቼዋለሁ። ጡረታ ያንን ማመካኛ ወሰደብኝ። አያችሁ፣ እርጅና ሲመጣ የቀረን ሥራ የተቀመጠን ሰው ተነሥቶ የሚያስጨርስ ሥራ ነው። «ቁጭ በይ» ያሉኝን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ያች ልጅ መዝገቡ ላይ እንደ ተንጠለጠለች ትቀር ነበር።

ልጄ የሚሰጋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህንም ማመን አለብኝ። ባለፈው ዓመት ደረጃ ላይ ወድቄ እጄ ለሦስት ሳምንት ታስሮ ነበር። ሙቀቱ የደም ግፊት ላለበት ሰው ወዳጅ አይደለም። ባጃጆቹም የሚሄዱት እንደ ሸሸ ፍየል ነው። አንድ ሌሊት አንድ ነገር ብሆን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስኪደርስ ምን ይፈጠራል ብሎ እንቅልፍ ማጣቱ እውነት ነው። እናት ስለ ሆንሁ ያ ዓይነቱን እንቅልፍ ማጣት አውቀዋለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በክፉ ልጅና በጎበዝ እናት መካከል ያለ ክርክር አይደለም።

ነገር ግን ሌላውንም ወገን አይቻለሁ። በነርስነት አገልግላ ጡረታ የወጣች የረጅም ዘመን ጎረቤቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጇ ዘንድ አዲስ አበባ ገባች። ልጅቱ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንደ አብዛኞቹ የዚያ ዓይነት ሕንፃዎች አሳንሰር የለውም። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል፤ ልጅቱም እናቷን የምታከብር ናት። ጓደኛዬ ግን ደረጃውን የምትወርደው ለቤተ ክርስቲያንና ለሐኪም ብቻ ሆነ። በየሳምንቱ ትደውልልኛለች፤ በየሳምንቱም የምትጠይቀኝ «ቀፊራ ሎሚ ስንት ገባ?» ብላ ነው። ሎሚ አዲስ አበባ ሞልቷል። ዋጋውን ለምን እንደምትፈልገው ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም አንናገረውም። እኔ ዋጋውን እነግራታለሁ፤ ማን እንደ ሸጠልኝ፣ ስንት እንደ ጨመረችልኝ፣ በመንገዴ ማንን እንዳገኘሁ እጨምርላታለሁ። ስልኩን ስዘጋ ገበያውን ለሁለት ሰው የሄድሁ ያህል ይደክመኛል።

ሥነ ጽሑፋችንም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ያለችውን አያት አስቧት። ወይ እሳት ዳር ተቀምጣ ተረት ትነግራለች፤ ወይ መደብ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ ወይ ተቀምጣ ትመርቃለች፤ ከዚያ ዋናው ገጸ ባሕርይ እንዲያለቅስ ትሞታለች። ሁልጊዜ ተቀምጣ ነው። እርግጥ ነው፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ወይዘሮ አሰጋሽን የመሰለች፣ በዕድሜ የገፋች ግን በገዛ ቤቷና በመሬቷ ላይ የምታዝ ሴት ሰጥቶናል። ይሁንና እርሷ ባለ ርስት ናት። ርስት የሌላት፣ ጡረታዋን በባንክ ተቀብላ በዘንቢል ሎሚ ይዛ የምትመለሰው ሴት ግን ጀብዱዋ ገና አልተጻፈላትም። አያቶቻችሁን ለምርቃትና ለሞት ብቻ የምትፈልጓቸው ጸሐፊዎች ሆይ፣ አንድ ማለዳ ተከትላችኋቸው ውጡ። ከታሪኩ ቀድማችሁ የሚደክማችሁ እናንተ ናችሁ።

ልጄ ለታኅሣሥ ቁልቢ ገብርኤል ይመጣል። ስለቱን አድርሶ ሲመለስ መልሴን ይጠብቃል። እንዲህ እለዋለሁ። ስልኬን ከእጄ አልለይም። ደጋው ላይ ደመና ካየሁ ደቻቱን አልረግጥም። ጎረቤቴ ቁልፌን ትያዝ፤ ሳይነጋ እንድታንኳኳልኝም ይሁን። ከዚህ በላይ ደግሞ ጉልበቴ ዳገቱን ብቻ ሳይሆን ሜዳውንም እምቢ ያለ ቀን፣ ሳትጠራኝ እኔው ደውዬ «ና ውሰደኝ» እልሃለሁ። ያን ጊዜ ያዘጋጀኸው ክፍል ደስ ይለኛል፤ ወንበሩም ደስ ይለኛል፤ እመርቅሃለሁም። ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ ግን ወጥቻለሁና አታስገባኝ።

በማግስቱ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቀስቅሼ ይዤው እወጣለሁ። ልብስ ሰፊውን አሳየዋለሁ። በአሸዋው አሻግረዋለሁ፤ መካከል ላይ ስንደርስ ለምን እንደምቆም እነግረዋለሁ። ቀፊራ ስንደርስ ዘንቢሉን እርሱ ይይዝልኛል። ሎሚውን ግን እኔ እከራከራለሁ።

ይህን ያነበባችሁ ልጆች ሁሉ ከእናታችሁ ጋር በስልክ ስትነጋገሩ «ቁጭ በይ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፤ «ዛሬ የት ወጣሽ?» በሏት። የምትመልሰው ካላት ሳታቋርጡ አድምጧት። የምትመልሰው ከሌላት ደግሞ ያን ጊዜ ነው መስጋት።

ቸር ያሰንብተን።